ሚዛንና ማኅሌት፦ ስለ ነቢዩ አሞጽ ማስጠንቀቂያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ከአሥራ ሁለቱ ደቂቀ ነቢያት መካከል ጠንከር ያለውን የሚፈልግ ሰው አሞጽን ይገልጣል። ከዚህ በታች ያሉት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሚነግዱ፣ ቤት የሚያሠሩ፣ ገንዘብ የሚያበድሩና ቢሮ የሚውሉ ምእመናን ስለዚህ መጽሐፍ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ስለ ሚዛን፣ ስለ ጣሳና ስለ ቀን ሠራተኛ ብዙ ያወራሉ። ነቢዩም ብዙ ያወራው ስለ እነዚህ ነው።

አሞጽ ማን ነው?

ከቤተ ልሔም በስተ ደቡብ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከቴቁሔ መንደር የወጣ ከብት ጠባቂ ነው። የተናገረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ760 ዓመት አካባቢ፣ በይሁዳ ዖዝያን፣ በእስራኤል ደግሞ ሁለተኛው ኢዮርብዓም በነገሡበት ዘመን ነው። መጽሐፉ ጊዜውን «የምድር መናወጥ ከሆነበት ከሁለት ዓመት በፊት» ብሎ ያመለክታል። ያ መናወጥ ብርቱ ስለነበር ትንቢተ ዘካርያስ (14፥5) ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ያነሣዋል።

አሞጽ የደቡቡ መንግሥት የይሁዳ ሰው ሆኖ ሳለ የተላከው ወደ ሰሜኑ መንግሥት ወደ እስራኤል ነበር። ከቴቁሔ እስከ ሰሜኑ የአምልኮ ቦታ እስከ ቤቴል ከ30 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጢስ ዓባይ ድረስ በእግር እንደ መሄድ ነው። የቤቴሉ ካህን አሜስያስ «ወደ አገርህ ሂድ፣ እዚያ እንጀራህን ብላ» ብሎ ሊያባርረው ሲነሣ፣ እርሱ «ላም ጠባቂና ወርካ ለቃሚ» እንጂ የነቢይ ልጅ እንዳልሆነ መለሰለት (7፥12-14)። ወርካ ሲባል እኛ የሚታየን ሐይቁ ዳር ቅርንጫፉን ዘርግቶ የቆመው ትልቁ ዛፍ ነው። አሞጽ የለቀመው ግን እዚህ ሾላ ወይም ባምባ ለምንለው የሚቀርብ ፍሬ ነው። ፍሬው እንዲበስል አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ መጫር ነበረበት፤ የሚበላውም ድሀ ነበር። ስለዚህ ነቢዩ ስለ ድሀ ሲናገር ምግባቸውን በእጁ የነካ ሰው ሆኖ ነው።

ሕዝቡን የገጠመው ችግር ምን ነበር? ረሃብ ነው? ጦርነት ነው?

አይደለም፤ ጥጋብ ነው። ሁለተኛው ኢዮርብዓም ለ40 ዓመት ገደማ ነግሦ ድንበሩን አስፍቶ ነበር። ንግዱ ደርቷል፣ መሥዋዕቱ በየማለዳው ይቀርባል፣ መዝሙሩም አይቋረጥም። ባለጠጎቹ ከዝሆን ጥርስ በተሠራ አልጋ ላይ ይተኙ እንደነበር አሞጽ ይናገራል (6፥4)፤ በሰሜኑ መንግሥት ዋና ከተማ በሰማርያ በተካሄደ ቁፋሮም የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ጌጦች ወጥተዋል። ከትንቢቱ ወደ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዓመት ገደማ፣ ሰማርያ በአሦር እጅ ወደቀች።

መጽሐፉን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንስተው የቱ ላይ ነው?

ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ላይ። አሞጽ ሲጀምር ጎረቤቶችን ይወቅሳል፤ ደማስቆን፣ ጋዛን፣ ጢሮስን፣ ኤዶምን፣ አሞንን፣ ሞዓብን፣ ከዚያም ይሁዳን። በየመካከሉ «ስለ ሦስት ኃጢአት ይልቁንም ስለ አራት» የሚለው ቃል ይደጋገማል። የሰማርያ ሰው ጠላቶቹ ሲወቀሱ እየሰማ «ይበል!» ሳይል አልቀረም። በስምንተኛው ላይ የነቢዩ ጣት ወደ ሰሚው ራሱ ዞረ፤ እስራኤል ተጠራች፤ ለእርሷም ከሰባቱ ሁሉ የረዘመ ክስ ተነበበባት።

ዛሬም ብዙ አንባቢ ሰባተኛው ላይ ያቆማል። የመንግሥትን ሰው፣ የሌላውን ሃይማኖት፣ የሌላውን ብሔር እያሰበ ያነብና መጽሐፉን አጥፎ ያስቀምጣል። 1፥3 ላይ ጀምረው 2፥16 እስኪደርሱ ሳያቋርጡ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ 2፥6-8ን ብቻ ደግመው ያንብቡና የራስዎን ገበያ፣ የራስዎን ደመወዝ ከፋይነት አስበው ይመልሱ። መላው መጽሐፍ 9 ምዕራፍ፣ 146 ቁጥር ስለሆነ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨረሳል። ጾሙ እስኪፈታ በቀን አራት አራት ቁጥር ማንበብም ይቻላል፤ ለቤተሰብ የሚሻለው ይሄኛው ነው።

«የኢፍ መስፈሪያውን እናሳንሳለን፣ ሰቅሉንም እናበዛለን» ማለት ምን ማለት ነው?

8፥5 ላይ ያለ የነጋዴዎች ንግግር ነው፤ አሠራሩን ካላወቁት ግን ክብደቱ አይገባም። ኢፍ የእህል መስፈሪያ ነው፤ 22 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሰቅል በዚያ ዘመን ሳንቲም አልነበረም፤ 11 ግራም ተኩል የሚጠጋ ሚዛን ነበር። ገዢው የሚከፍለው የብር ማዕድን በድንጋይ ተመዝኖ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው መስፈሪያውን ሲያሳንስ ገዢው የሚያገኘው እህል ይጎድላል። የሚዛን ድንጋዩን ሲያከብድ ደግሞ ገዢው የሚከፍለው ብር ይጨምራል። ድሀው በአንድ ግዢ ሁለት ጊዜ ተነካ ማለት ነው። ሦስተኛው ቀጥሎ ይመጣል፤ «የስንዴውንም ግርድ» ይሸጡለታል። ግርድ የሚለውን ቃል ለባሕር ዳር እናቶች ማስረዳት አያስፈልግም። የዛሬ ልጆቹንም እናውቃቸዋለን፦ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሙዝና የአትክልት ቅባት፣ ማር ላይ ስኳር፣ ጤፍ ላይ አፈር።

ሚዛኔ ትክክል መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ብዙ ሰው «እኔ አላጭበረብርም» ብሎ ሚዛኑን ፈትሾ አያውቅም። ሳያውቁ የሚያጎድሉ ሚዛኖች ግን ብዙ ናቸው።

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ መጀመሪያ ባዶውን ያስተካክሉ። ከዚያ በአንዱ ሳህን ድንጋዩን፣ በሌላው እህሉን አድርገው እኩል ያምጡ። አሁን ያለዋውጧቸው፤ እህሉን በድንጋዩ ቦታ፣ ድንጋዩን በእህሉ ቦታ ያድርጉ። ሁለቱ ክንዶች እኩል ከሆኑ ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። ወደ አንዱ ካዘነበለ ግን ክንዱ ጎብጧል ወይም ማንጠልጠያው ከመሐል ፈቀቅ ብሏል። ይህ ባዶውን ሲያዩት የማይታይ ጉድለት ነው፤ የሚያጋልጠው መለዋወጡ ብቻ ነው። ድንጋዩ ራሱ ማለቁን ወይም መሸረፉን ግን ይህ ፈተና አያሳይም፤ ያንን በሌላ ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል።

ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ብዙ ጊዜ ከባድ ነገር ሲሸከም ሞላው ይሳሳል። ውጤቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አይስተውም፤ ዜሮ ላይ ትክክል ሆኖ 10 ኪሎ ላይ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ ዜሮውን ብቻ አይመኑ። ቀላሉ መፈተኛ የታሸገ ውኃ ነው፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ ፕላስቲኩ በላዩ ጥቂት አሥር ግራሞች ይጨምራል። የ2 ሊትር አንድ ጠርሙስ ከ2 ኪሎ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ አምስቱ ከ10 ኪሎ ትንሽ ከፍ። ከ2 ኪሎ በታች ካሳየ ለገዢ እያበዛ እየሰጠ ነው፤ ኪሳራው የእርስዎ ነው። 2 ኪሎ ከ100 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ግን የገዢውን እየወሰዱ ነው። ጀሪካን ለዚህ አይሆንም፤ ባለ 20 የሚባለው እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል።

የኤሌክትሪክ ሚዛን የሚስተው ብዙ ጊዜ ወለሉ ሲያዘነብል፣ ባትሪው ሲዳከም ወይም ሳህኑ ሥር እህል ሲገባ ነው። ነፋስም ይረብሸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነፍሰውን የዳር ሻጮች ያውቁታል።

ጣሳ ላይ ደግሞ ታቹ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠውን ይመልከቱ። አንዱ በቆሎውን ከላይ እየረጨ ሲሰፍርና ሌላው ጣሳውን እየነቀነቀ ሲሰፍር በአንድ ጣሳ የተለያየ መጠን ይወጣል። ሲገዙ እየነቀነቁ፣ ሲሸጡ እየረጩ መስፈር በሕጉ «በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ ሚዛን አይኑርህ» ከተባለው (ዘዳ. 25፥13) የተለየ ነገር አይደለም፤ ጣሳው አንድ ቢሆንም እጁ ሁለት ነው።

የገዛሁት እህል ቤት ስመዝነው ጎደለ። ተታልያለሁ ማለት ነው?

ከመክሰስዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ እርጥበት ነው። እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ በቆሎ ደርቆ 13 በመቶ ሲደርስ 94 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ማንም ሳይሰርቅ ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ውኃ በኖ ሄደ ማለት ነው። ሻጩ እርጥብ መሆኑን እያወቀ በደረቅ ዋጋ ከሸጠ ግን ያ ሌላ ነው፤ ውኃን በእህል ዋጋ ሸጧል። ሁለተኛው ጆንያው ነው፤ ባዶውን ለብቻው መዝነው ይቀንሱ።

ግርዱን ለማወቅ ከጆንያው አናት፣ ከመሐሉና ከታቹ በድምሩ 1 ኪሎ ያውጡ፤ ይንፉት፤ የወጣውን ይመዝኑ። 30 ግራም ከሆነ በኩንታሉ 3 ኪሎ አለ። ከአናቱ ብቻ ያወጣ ሰው ሁልጊዜ ንጹሕ እህል ነው የሚያገኘው። ለምን እንደሆነ ሻጮች ያውቃሉ።

የዓሣም እንዲሁ ነው። ሙሉው ቆሮሶ ተገፎ፣ አጥንቱና ጭንቅላቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ሲቀር ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው የሚተርፈው። ከ10 ኪሎ 3 ኪሎ ወይም 3 ኪሎ ተኩል ቢደርስዎ አልተሰረቁም። ከታንኳ ላይ ከአስጋሪው ሲረከቡ «ውኃው ይቀነስ» እያሉ 1 ኪሎ ቀንሰው፣ ያንኑ ዓሣ ከነውኃው ለከተማ ሰው የሚሸጡት ግን በአሞጽ ፊት መልስ የላቸውም።

በበዓል ሰሞን ዋጋ ሲንር እኔም ጨምሬ ብሸጥ ኃጢአት ነው?

አሞጽ ትርፍን አላወገዘም። ያወገዘው ማታለልንና የድሀን መጨነቅ እንደ ገበያ ዕድል መቁጠርን ነው። ዶሮው ከገጠር ተወዶ ከመጣ ተወዶ መሸጡ የሚጠበቅ ነው። እህሉን ወይም ዘይቱን ደብቆ «የለም» እያለ የፋሲካን ዋዜማ የሚጠብቅ ግን 8፥5ን በተግባር እየተረጎመ ነው። ድንበሩ ቀጭን ሊመስል ይችላል፤ አንድ ጥያቄ ይለየዋል፦ ገዢው እኔ የማውቀውን ሁሉ ቢያውቅ በዚህ ዋጋ ይገዛኝ ነበር?

«ሰንበት መቼ ያልፋል?» የሚለውስ?

በዚያው በ8፥5 የሚናገሩት ነጋዴዎች ሰንበትን አላፈረሱም፤ ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። ልባቸው ግን እዚያው ነበር። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ስልኩን በነጠላው ሥር እያየ የበርበሬ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ይህ ክፍል ለማን እንደተጻፈ አይጠይቅም።

«ዓመት በዓላችሁን ጠልቼዋለሁ» ካለ ጥምቀቱም ንግሡም ይቅር ማለት ነው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የሚያጣላውም ይህ ነው። ክፍሉ 5፥21-24 ነው። እግዚአብሔር በዓሉን፣ ጉባኤውን፣ መሥዋዕቱን፣ ዝማሬውንና የመሰንቆውን ዜማ ይቃወማል። ሁሉንም ግን ያዘዘው ራሱ ነው። ስለዚህ የተቃወመው በዓል መኖሩን አይደለም፤ በዓሉ ዕዳን መሸፈኛ መሆኑን ነው። ጌታም መባህን በመሠዊያው ላይ ልታቀርብ ስትል ወንድምህ የሚቀየምብህ ነገር እንዳለ ብታስብ መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)። «መባህን ወርውረው» አላለም፤ «ከዚያም በኋላ መጥተህ መባህን አቅርብ» አለ። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ።

24ኛው ቁጥር ፍርድ እንደ ውኃ፣ ጽድቅም እንደማይደርቅ ፈሳሽ ይፍሰስ ይላል። በአሞጽ አገር አብዛኛው ወንዝ ዝናብ ሲመጣ የሚያገሳ፣ በበጋ ድንጋዩ ብቻ የሚቀር ነው። እርሱ የጠየቀው ዓመቱን ሙሉ የሚሄደውን ነው። ባሕር ዳር ያለ ሰው ልዩነቱን ለማየት ሩቅ አይሄድም፤ የክረምት ደራሽን ያውቃል፣ ከጣና የሚወጣውን ዓባይንም ያውቃል። ደግሞ ሌላ ነገር እናውቃለን። የጢስ እሳት ፏፏቴ በበጋ የሚሳሳው ወንዙ ስለ ደረቀ ብቻ አይደለም፤ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ጭምር ነው። አሞጽ ፍርድን ወደ እሬት ስለሚለውጡ ሰዎች ሲናገር (5፥7) የሚያሳየን እንዲህ ያለውን ነው፤ ፍርድ አልጠፋም፤ ወደ አንዳንድ ሰዎች ቤት ዞሯል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ለንግሥ፣ ለዝክር ወይም ለማኅበር ድግስ ገንዘብ ከማውጣትዎ አንድ ሳምንት በፊት ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ያዘጋጁ። በአንዱ ያልከፈሉትን የሠራተኛ ገንዘብ፣ በአንዱ ቀኑ ያለፈበትን ብድር፣ በአንዱ አጉድለው ወይም አበላሽተው የሸጡትን ይጻፉ። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ይደግሱ። ካልሆነ ድግሱን ያሳንሱና ከወረቀቱ ይጀምሩ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት እዚህ ላይ ይመጣል፤ ዘመድ አዝማዱ «ዘንድሮ ድግሱ ሳሳ» ሊል ይችላል። ይበል።

በመያዣ ማበደርስ? አራጣስ?

አሞጽ 2፥8 ላይ በመሠዊያው አጠገብ በመያዣ በተወሰደ ልብስ ላይ ስለሚተኙ ሰዎች ይናገራል። የኦሪቱ ሕግ (ዘፀ. 22፥26-27) የድሀ ልብስ በመያዣ ከተወሰደ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስ ያዛል፤ የሌሊት መደረቢያው እርሱ ብቻ ነውና። መያዣ መውሰድ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ሰውየው የሚኖርበትን ነገር መያዝ ነው። ወደ ዛሬ ሲመጣ የባጃጅ ሾፌርን ቁልፍ መያዝ ዕዳውን የሚከፍልበትን መንገድ መዝጋት ነው። የልብስ ሰፊን ሲንጀር፣ የአስጋሪን መረብም እንዲሁ።

አራጣን በተመለከተ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 20,000 ብር በወር በ10 በመቶ የተበደረ ሰው በወር 2,000 ይከፍላል። በአሥር ወር የተበደረውን ያህል ከፍሎ ዋናው ገና አልተነካም። በዓመት 120 በመቶ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ ይህ አሥር እጥፉ ነው። «ራሱ ተስማምቶ ፈርሟል» የሚለው መልስ አሞጽ ዘንድ አይሠራም፤ ስለ አንድ ጥንድ ጫማ የተሸጠው ድሀም (2፥6) አማራጭ አጥቶ ሳይስማማ አልቀረም።

ለቀን ሠራተኛና ለቤት ሠራተኛ ክፍያ ምን ላድርግ?

የሠራተኛው ገንዘብ እጅዎ ላይ አይደር፤ ዘሌ. 19፥13 እንዲህ ይላል፣ ያዕቆብም (5፥4) ይደግመዋል። ዋጋውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይነጋገሩ። ከሰዓት ዝናብ ቢመጣ የግማሽ ቀን ሒሳብ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ፤ በክረምት ባሕር ዳር ላይ አብዛኛው ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው። «ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ና» እንዳይሆን ከቀትር በፊት ይዘርዝሩ ወይም በቴሌብር ይላኩ። ለቤት ሠራተኛዋ ደመወዟን «እኔ ዘንድ ይጠራቀምላት» ብለው የሚይዙ ከሆነ በየወሩ ፈርማ የምታየው ደብተር ይኑር። ደብተር የሌለው ተጠራቃሚ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ያንሳል።

የቱምቢው ራእይ ለእኛ ምን ይላል?

7፥7-8 ላይ ጌታ ቱምቢ፣ ማለትም ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታ የሚያይበትን ክብደት የታሰረበት ክር፣ ይዞ በቅጥር ላይ ቆሞ ይታያል። የዕብራይስጡ ቃል ብርቅ ስለሆነ ሊቃውንት ሁሉ በአንድ አይተረጉሙትም፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቱምቢ ይለዋል፤ ትምህርቱም ከግንበኛ ሥራ ጋር ይገጥማል። ቱምቢ ግድግዳን አያቃናም፤ ያሳያል ብቻ። ግንበኛው ከላይና ከታች በክሩና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ይለካል፤ ከላይ 3 ሳንቲም፣ ከታች 5 ሳንቲም ከሆነ ግድግዳው አዘንብሏል። መጠምዘዙን ለማወቅ በሁለት ጎን መለካት አለበት፤ በአንድ ጎን ብቻ ለክቶ «ቀጥ ነው» የሚል ግንበኛ ግማሹን ነው ያየው። ያዘነበለው በልስን ሊሸፈን ይችላል፤ ከላይ ጣሪያ ሲጫንበት ግን ይሰነጠቃል። ጾም፣ ስግደትና ስለት ልስን አይደሉም፤ ልስን አድርገን የምንጠቀምባቸው እኛ ነን። ሁለቱ ጎኖች ለአሞጽ አምልኮና ገበያ ናቸው።

«እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ይህ ለእኛ ክብር አይደለም እንዴ?

9፥7 በየስብከቱ ይጠቀሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቀሪው ተቆርጦ ነው። ቁጥሩ ይቀጥላል፤ እስራኤልን ከግብፅ ያወጣ አምላክ ፍልስጥኤማውያንንም ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር አውጥቷል ይላል። ማለትም እስራኤል «እኛ የተለየን ነን፣ አይነካንም» ስትል እግዚአብሔር ሕዝቦች ሁሉ የእኔ ናቸው ይላታል። ኢትዮጵያ በፊቱ መታሰቧ እውነት ነው፤ ደስ ይበለን። ይሁን እንጂ ይህንን ቃል ከማስጠንቀቂያው መጠለያ አድርጎ መያዝ አሞጽ ያፈረሰውን ቤት መልሶ መሥራት ነው። 3፥2 እንዲያውም እናንተን ብቻ ስላወቅሁ ስለዚህ እጠይቃችኋለሁ ይላል።

ሐይቃችን ላይ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴና ጣና ቂርቆስ አሉ፤ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። በጀልባ ሄዶ መሳለም በረከት ነው። ቤቴልም የያዕቆብ ሕልም የታየባት ቅድስት ቦታ ነበረች፤ አሞጽ ግን «ወደ ቤቴል ኑና ኃጢአትን ሥሩ» (4፥4) ብሎ ተሳለቀ። ከገዳሙ ሲመለሱ ከጀልባው ባለቤት ጋር ስለ ተስማሙበት ዋጋ እንደገና መጨቃጨቅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ።

5፥10-15ን ያንብቡ። «በር» ሲል የከተማው ፍርድ የሚሰጥበትን አደባባይ ማለቱ ነው፤ የዛሬው ፍርድ ቤት፣ ቀበሌ፣ ክፍለ ከተማ። ክሱ ሁለት ነው፤ ጉቦ መቀበልና በበሩ ድሀውን ማጣመም። ጉቦውን የማይነካ ሰው ብዙ አለ፤ ማጣመሙን የማይነካ ግን ጥቂት ነው። «ሲስተም የለም» ብሎ መመለስ፣ ፋይሉን ከሥር ማኖር፣ ከጢስ ዓባይ የመጣችውን እናት ሦስት ቀን ማመላለስ። ከመሸንቲ ወይም ከዘጌ ለተመለሰ ሰው አንድ የከንቱ ቀጠሮ የመጓጓዣ ገንዘብና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማድረግ የሚቻለው ቀላል ነው፦ ባለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ሰነድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጽፎ መስጠት።

ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ይህ እኔን ይመለከታል?

አዎ። መጽሐፉ አንድ ነው። እስጢፋኖስ በሐዋ. 7፣ ያዕቆብም በሐዋ. 15 አሞጽን ጠቅሰዋል። ከዚህ በታች የንስሐ አባት የሚለውን በመጋቢ ወይም በታመነ ወንድም ይተኩት፤ ሚዛኑ ግን አይለወጥም።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ያ አይበቃም?

ንስሐው ኃጢአቱን ይመለከታል፤ ያጎደሉት እህል ግን አሁንም የሌላ ሰው ነው። ዘሌ. 6 ላይ በማታለል የወሰደ ሰው ዋናውን ይመልሳል፣ አምስተኛውንም ይጨምርበታል። 5,000 ብር ከሆነ 6,000 ማለት ነው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ አለ (ሉቃ. 19፥8)፤ ያ የልቡ መንቀሳቀስ ነው፤ የሁሉ ግዴታ አይደለም።

የጎደለውን ያሰሉት። ሚዛኑ በኪሎ 50 ግራም ቢያጎድልና በሳምንት 2 ኩንታል ቢሸጡ በሳምንት 10 ኪሎ ነው፤ በዓመት 520 ኪሎ፣ ከአምስት ኩንታል በላይ። አምስተኛው ሲታከል 624 ኪሎ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህንን ሒሳብ ሲያይ ይደነግጣል፤ 50 ግራም እኮ የሽሮ ማንኪያ ነው የሚመስለው።

የወሰድኩባቸውን ሰዎች ካላወቅኋቸውስ? የሞቱም አሉ።

የሚያውቁት ካለ በቀጥታ ይመልሱ፤ ስምዎን መግለጽ ጠብ የሚያስነሣ ከሆነ በንስሐ አባትዎ እጅ ይላኩ። ከሞተ ለልጆቹ። ዘመድ ከሌለው ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ለካህኑ ይሰጥ ይላል ዘኁ. 5፥8።

ያልታወቁ ገዢዎች ከሆኑ ካሣው ወደዚያው ገበያ ይመለስ፤ በቁና የሚገዛውን ድሀ የሚያገኘው እዚያ ነውና። ሚዛኑን ካስተካከሉ በኋላ በየኪሎው ላይ ጥቂት እየጨመሩ፣ የጨመሩትን በደብተር እየመዘገቡ 624 ኪሎው እስኪሞላ ይቀጥሉ። በሳምንት 2 ኩንታል የሚሸጥ ሰው በኪሎ 60 ግራም ቢጨምር በሳምንት 12 ኪሎ ነው፤ በ52 ሳምንት ይጨርሳል። ለማንም አይንገሩ፤ «ጨምሬልሃለሁ» ካሉ ገበያ ማድመቂያ ይሆናል። በራስዎ ስም የሚዘከር ዝክር ወይም ስምዎ የሚጠራበት የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ከዚህ ደብተር ላይ አይቀነስም፤ እርሱ ከራስዎ ድርሻ ይውጣ።